የቤት ሥራዬን ሊያስታርቁ የመጡ ሽማግሌዎች

ቁጭ ብላችሁ አንብቡልኝ። እኔ ዛሬ ሦስት ሽማግሌ እንደቆሙ ትቼ ከቤቴ ወጥቻለሁ!

አዎ፣ እኔ። ቀና ብላ ሰው አታይም የምባለው እኔ!

በአርባ ዓመቴ የማታ ተማሪ ነኝ፣ አሥረኛ ክፍል። ዛሬ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የእንግሊዝኛ የቃል ፈተና ነበረብን። ርዕሱ ስሜትን መግለጽ፤ "መስት"ን፣ "ካንት"ን፣ "ዊል"ን እየጨመሩ። እኔ ደግሞ ነገር በግማሽ አልወድም። ሳምንቱን ሙሉ ጮክ ብዬ ተለማመድኩ።

የት? ግቢ ውስጥ ነዋ! በሸዋ ሮቢት ሙቀት ቆርቆሮ ሥር ማን ያጠናል? ማንጎው ጥላ ሥር ሆኜ፣ "አይ አም ሎንሊ! አይ አም ሚዘረብል! አይ ካንት ስቴይ ሂር! አይ መስት ጎ!"

ከነስሜቱ። መምህሩ "ስሜት ይኑረው" ብሎናላ!

ከአጥሩ ወዲያ ጋሼ መሐመድ አሉ። ዕድሜያቸውን በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና የነዱ፣ በእንግሊዝኛ የማይታሙ ጎረቤቴ። ሰምተው ለሰፈሩ ተረጎሙት፦ "ብቸኛ ነኝ፣ ጎስቋላ ነኝ፣ እዚህ መቆየት አልችልም፣ መሄድ አለብኝ።"

ትርጉሙ ላይ አንዲት ስህተት የለችም። እሱ ነው የሚያናድደው!

ዛሬ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ደብተሬን ይዤ ልወጣ ስል ሽማግሌ ገባ። ጋሼ መሐመድ ከፊት። "አረፍ በሉ" ብል ማን ይቀመጣል!

"እሺ ታርቄያለሁ ካላልሽን አንቀመጥም!"

ከማን ጋር? አልተጣላሁም እኮ!

ወደ ባለቤቴ ዞሩ። "ምን በድለሃት ነው?"

ምን ቢል ጥሩ ነው? "አጥፍቻለሁ፤ ይቅር ትበለኝ።"

አሥራ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር ይህችን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም! ምን እንዳጠፋም እስካሁን አላወቅኩም። መጠርጠር ግን ጀምሬያለሁ።

"ልምምድ ነው" አልኩ።

"ልጄ፣ ሆድ የባሰው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለው" አሉ ከዘራ የያዙት ሽማግሌ። ፍርዱንም ሰጡ፦ "ነገሩን ያመጣው ትምህርቱ ነው። ለቤቱ ሰላም ሲባል ለጊዜው ይቅር።"

ባለቤቴም "አዎ" በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ያቺን ንቅነቃ መቼም ይቅር አልላትም!

ለስምንት አሥር ጉዳይ ሆኗል። ደብተሬን ብብቴ ሥር ወተፍኩ። "ጋሼ መሐመድ፣ ሳምንቱን ሙሉ የሰሙት የቤት ሥራዬን ነው። የልቤን አሁን ይስሙና ለሁሉም ይተርጉሙልኝ። አይ አም ፉሪየስ! አይ ዊል ኖት ስቶፕ! አይ መስት ጎ!"

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "በግናለች። አታቆምም። መሄድ አለባት።"

"ወዴት?" አሉ ባለከዘራው።

"ፈተና!" ብዬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ።

ላብ በላብ ሆኜ ደረስኩ። ልጄ የሚሆን መምህር ፈገግ ብሎ፣ "እትዬ ሙሉ፣ ሀው አር ዩ ፊሊንግ ቱዴይ?" አለኝ።

ጎበዝ፣ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከየት ይመጣል? ንዴቱ ትኩስ ነው። ቃሉ ምላሴ ላይ ነው። አፌን ከፈትኩ።

"ፋይን፣ ቴንክ ዩ።"

ፋይን!!!

ዕድሜውን ሙሉ "ደህና፣ ይመስገን" ሲል የኖረ አፍ ምን ያድርግ? መምህሩ ሌላ ቃል ጠበቀ። ጨመርኩለት።

"ቬሪ ፋይን።"

አዘነልኝ መሰለኝ፣ "ሰኞ ይደግሙታል" አለኝ። እደግመዋለሁ! እስከዚያው እዚያው ማንጎው ሥር ጮክ ብዬ እለማመዳለሁ፤ ጋሼም ከፈለጉ ያርሙኝ።

ይህን የምጽፈው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነው። ወደ ቤት መሄድ ፈራሁ። እሺ ሳልላቸው ነው እኮ የወጣሁት።

እስካሁን ቆመው ይሆን እንዴ?