በወተት ቢዶን ላይ የተቀመጡት ጠርጣሪ

አዲስ ብስክሌት ገዝቶ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው እስካሁን አልተወለደም። መንገድ ላይ አንድ ሰው ይጠብቀዋል። ይህ ሰው በየመንደሩ አለ፤ ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይሽረውም። ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል፣ ሰንሰለቱን ጎንበስ ብሎ ያሸታል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያም መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ማን ነው የሸጠልዎት?» ይላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ብስክሌታችሁን በደህና ዓይን አታዩትም።

የእኛ መንደር የሶካቪታ ጠርጣሪ ክቡር ዶን አናኒያስ ቲባዱይሳ ይባላሉ። ሥራቸው ሽንኩርት መትከልና ሦስት ላም ማለብ ነው፤ ማዕረጋቸው ግን ሊቀ ጠርጣሪ ነው። በመላ ኮሎምቢያ እሳቸው ያልጠረጠሩት ነገር ካለ ገና አልተሠራም ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት የወተት መኪናው እስኪመጣ ቢዶናቸውን አስፋልቱ ዳር፣ የፈረስ ኮቴ የምንለው ኩርባ ላይ ያስቀምጡና እላዩ ላይ ይቀመጣሉ። ላስቲክ ቦቲ፣ ሩዋና የምንለው ወፍራም የሱፍ ካባ፣ ባርኔጣ። እግራቸው ሥር ሚኒስትሩ የሚባለው ውሻቸው ይጋደማል። ስሙን ያወጡለት ብዙ ይጮሃል፣ ምንም አይዝም ብለው ነው። እኛ የቦያካ ክፍለ ሀገር ሰዎች መቼም ከሕፃን እስከ ላም ሁሉንም የምናናግረው በአክብሮት ነውና፣ ውሻውንም «ሚኒስትር፣ ይነሱ እንጂ፣ መንገዱን ዘጉት!» ሲሉት ይሰማል።

እኔ መምህር ነኝ። ትምህርት ቤቱ ከቁልቁለቱ ሥር ስለሆነ በየቀኑ በብስክሌት እወርዳለሁ፤ ለክፍለ ሀገራችን ጋዜጣ ደግሞ ይቺን ዓምድ እጽፋለሁ። እናም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ እዚያ ኩርባ ላይ ተፈትሻለሁ። ድንበር የሚሻገር ሰው እንኳ እንዲህ አይፈተሽም።

ዶን አናኒያስ ሁለት አባባል አላቸው። አንደኛው «በእጄ ሳልነካው አላምንም» ነው። ሁለተኛው «ማን አለ? ስሙን ይጥሩልኝ!» ነው። በነዚህ በሁለቱ የማይዘጉት አፍ የለም።

አንድ ቀን ጎማዬን ድንጋይ እስኪመስል ነፍቼ መጣሁ። አስቆሙኝና ያለ ምንም ፈቃድ አየሩን ፍስስ አደረጉት።

«ኧረ ዶን አናኒያስ! ምን አደረግሁዎ?»

«ሊዘንብ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ ጠንካራ ጎማ ሰው ይጥላል። ትንሽ ለስለስ ሲል ነው መሬት የሚይዘው።»

«ፀሐይ ነው የሚውለው ተብሏል እኮ።»

«ማን አለ?»

«ስልኬ።»

«ስሙን ይጥሩልኝ!»

ስልኬ ውስጥ ሆኖ ስለ አየር ጠባይ የሚናገረው ሰውዬ ስሙ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ብቻ ትምህርት ቤት የደረስኩት እንደ አይጥ በስብሼ ነው። በእርግጥ አልወደቅሁም፤ ይህንን ግን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

ሄልሜት የገዛሁ ጊዜ ደግሞ ከእጄ ነጥቀው ወደ ቤታቸው ይዘውት ሄዱ። ውስጡ እንቁላል ከተው ከጎተራው ጣሪያ ላይ ለቀቁት። እንቁላሉ ፈረጠ።

«አዩ? ይሄ የእርስዎ ጭንቅላት ነበር።»

«እንቁላሉ አገጩ ላይ አልታሰረም እኮ!» አልኳቸው።

አሰቡበት። በማግስቱ ሌላ እንቁላል በማዳበሪያ ከረጢት ክር ጥርቅም አድርገው አስረው ለቀቁት። ተረፈ። አሁን ደግሞ እንቁላሉን ጠረጠሩት፤ «የዚች ዶሮ ቅርፊት ድሮም ወፍራም ነው» አሉ። ሦስት ቀን ቆይቶ ግን በዚያ ሠላሳ ዓመት በሞላው የብረት ብስክሌታቸው ወደ ቅዳሴ ሲሄዱ አየኋቸው። ሄልሜት አድርገዋል። ሰው እንዳያውቅባቸው ባርኔጣቸውን ከላይ ደርበውበታል።

ጫማን ከፔዳል ጋር ቆልፎ የሚይዘውን ዕቃ ሲያዩ አማተቡ። በትናንሽ ላስቲክ ታሽጎ የሚሸጠውን የብስክሌተኛ ምግብ ቀምሰው ለሚኒስትሩ ሰጡት፤ ሚኒስትሩም አሽትቶ ተወው። «የኋላ ኪስዎ ውስጥ ፓኔላ፣ የሸንኮራውን ደረቅ ስኳር፣ እና የዘይቱን ፍሬ ጥፍጥፍ ይያዙ። ከምን እንደተሠራ አውቃለሁ፤ ሸንኮራውን የቆረጠውንም ሰውዬ አውቀዋለሁ» ይላሉ።

በዚህች ዓለም ላይ እምነት የጣሉበት አንድ ነገር ቢኖር ጋዜጣ ነው። ለማንበብ እንዳይመስላችሁ። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ታጥፎ ከማሊያ ሥር ደረት ላይ ይገባል፤ ያንን የውርጭ ነፋስ እንደሱ የሚያቆም ልብስ የለም። «ውስጡ ያለው ሁሉ ውሸት ነው። ወረቀቱ ግን አይዋሽም» ይላሉ። አንድ ቀን እንዲያውም ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «የእርስዎ ገጽ ይሻላል፣ መምህር። ረዥም ስለሚጽፉ ቀለሙ ብዙ ነው፣ ይሞቃል» አሉኝ። በጸሐፊነት ዘመኔ ያገኘሁት አድናቆት ይኸው ነው።

እስከዚህ ድረስ ሰውዬው ያስቁኝ ነበር። ነገሩ የመረረው ልጄ ዬይሚ ላይ ሲመጡ ነው።

ዬይሚ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ዘንድሮ በገበሬዎቹ ቅዱስ በሳን ኢሲድሮ በዓል በሚደረገው ውድድር ላይ የክፍለ ሀገሩ ቡድን አሰልጣኝ ራሱ መጥቶ አንዲት ልጅ፣ አንዲት ብቻ፣ እንደሚመርጥ ተነገረ። የተመረጠችው ከተማ ገብታ ማደሪያና ትምህርት ታገኛለች። ላልተመረጡት ሽንኩርቱ አለላቸው። ልጄ አቀበት ላይ እሳት ናት፤ ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬን የሚባል ነገር መፈጠሩን ትረሳለች። የውድድሩ መንገድ ደግሞ በፈረስ ኮቴ ኩርባ ነው የሚወርደው።

ዶን አናኒያስ አንድ ጠዋት ወተት ያመጣው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ይቺ ልጅ እዚችው ኩርባ ላይ ትወድቃለች። ያን ጊዜ አናኒያስ ብሎ ነበር ትላላችሁ» አሉ። ደሜ ፈላ። የሰው ልጅ ላይ እንዲህ ይባላል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔም መጠርጠር ጀመርኩ። መጠርጠር ስትጀምሩ ደግሞ የሚታያችሁ አታጡም። ዝናብ ሳይዘንብ ኩርባው ላይ ያለው አስፋልት ጠዋት ጠዋት እርጥብ ነው። ከፊት የለም፣ ከኋላም የለም፤ እዚያችው ላይ ብቻ። ዳር ዳሩን አንድ ነገር የተጎተተበት ይመስል መስመር መስመር አለበት። ምን እያፈሰሱበት ነው? የሳሙና ውሃ? ዘይት? ሰውዬው ክፉ አይደሉም፤ ግን ትክክል ነኝ ማለት ይወዳሉ፤ እንዲህ ያለ ሰው ያለው እንዲደርስለት ሲል የማያደርገው የለም። ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣሁ። በሦስተኛው ቀን ወገግ ሲል ሄጄ ከባሕር ዛፉ ኋላ ተደበቅሁ።

መጡ። በአንድ እጃቸው ባልዲ፣ በሌላው የቅርንጫፍ መጥረጊያ ይዘዋል። ማዳበሪያ የሚያመላልሱት መኪናዎች ማታውን ያንጠባጠቡት የዶሮ ኩስ፣ ጠጠሩ፣ የሽንኩርት ቅጠሉ ኩርባውን ሞልቶታል። ያንን ሁሉ እያቃሰቱ ጠረጉት። ኩሱ የተጣበቀበትን በውሃ አጠቡት። ሲጨርሱ ተንበርክከው መዳፋቸውን አስፋልቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱት። በእጃቸው ሳይነኩ አያምኑማ!

የት ልግባ? ይባስ ብሎ በሕይወቱ ምንም ይዞ የማያውቀው ሚኒስትሩ እኔን ያዘኝ። እየጮኸ ሱሪዬን ጨመደደው።

«ማነው እሱ?» አሉ መጥረጊያቸውን ወድረው።

«እኔ ነኝ፣ መምህሩ።»

«ከዛፍ ኋላ ምን ይሠራሉ? ሊሰልሉኝ ነው?»

«እርስዎስ ምን እየሠሩ ነው?»

«ላሜ እንዳትንሸራተት ነዋ!»

«ላምዎ በዚህ አታልፍም።»

«ካለፈችስ?»

ተያየን። እሳቸው ናቸው ዓይናቸውን የሰበሩት። ስንት ጊዜ ሆነዎት ብላቸው በግድ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አሉ። ሳላውቀው ሳቄ መጣ፤ ዓይኔ ግን እንባ አቅሯል። እኔስ ብሆን አሥራ አንዱን ዓመት በማን መጥረጊያ ላይ ነው የወረድኩት? እኔ ሞኝ፣ በራሴ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር።

«ታዲያ ለምን ደበቁን? መንደሩ ሁሉ ያመሰግንዎት ነበር» አልኳቸው።

ተቆጡ። «መንደሩ ካወቀ መንገዱ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። ካመነ ፍሬን አይዝም። እኔ አንድ ቀን ብታመም ማን ሊጠርገው ነው? ኩርባ የሚጠረጠረው ሳይገቡበት ነው፣ መምህር፤ ውስጡ ከገቡ በኋላ ከተጠራጠሩማ አለቀልዎ። ለልጅዎ እሱን ይንገሯት። ስለ መጥረጊያው ግን ትንፍሽ እንዳይሉ!»

አልተናገርኩም። እሳቸው ግን በአፋቸው የጠሩት ደረሰ፤ በዓሉ አራት ቀን ሲቀረው የሐሞት ጠጠር ጥሏቸው ከተማ ሆስፒታል ተወሰዱና ኦፕራሲዮን ተደረጉ። በውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ማን ነው?» አሉ፣ ራሳቸው ደውለው።

«መምህሩ ነኝ። እንዴት ሆኑልኝ?»

«በምን አውቃለሁ መሆንዎን? የውሻዬን ስም ይንገሩኝ!»

«ሚኒስትሩ።»

«እሺ። ይሄ ሐኪም ጠጠሩን አወጣሁ ይላል። በእጄ ሳልነካው አላምንም ስለው በብልቃጥ አመጣልኝ፤ ነገር ግን የእኔ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» ከዚያ ወደ ጉዳያቸው ገቡ። «ነገ ኩርባውን...»

«እጠርገዋለሁ።»

«አላምንዎትም» አሉና ዘጉት።

በማግስቱ ማለዳ መጥረጊያና ባልዲ ይዤ ወጣሁ። እንደዚያ ያለ ጥርጊያ ለገዛ ቤቴ አድርጌ አላውቅም፤ ወገቤ ተቆረጠ። ጨርሼ ቀና ስል የወተት መኪናው ቁልቁል እየተንደረደረ መጣና ቆመ። ከጎን በር ላይ አንድ ሩዋና ቀስ ብሎ ወረደ፤ ከሩዋናው ሥር የሆስፒታል ፒጃማ ይታያል።

«በማርያም! ቁስልዎ ሳይደርቅ? ማን ፈቀደልዎ?»

«ማንን ጠይቄ?» አሉ። ሆዳቸውን በአንድ እጃቸው ደግፈው፣ ላብ እያጠመቃቸው ተንበረከኩ። መዳፋቸውን አስፋልቱ ላይ አስኬዱት፣ ከዳር እስከ ዳር። እኔ ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ቆሜ ጠበቅሁ። እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ አነሳኋቸው፣ ከመኪናው ባዶ ቢዶን አውርጄ እላዩ ላይ አስቀመጥኳቸው።

አሰልጣኙም እዚያው ኩርባ ላይ መጥቶ ቆመ፤ ማን መውረድ እንደሚችል የሚለየው እዚያ ነው። ሁለት ልጆች ከሌሎቹ ተነጥለው ብቅ አሉ፤ ዬይሚ ሁለተኛ ናት። የመጀመሪያዋ እንደ ጥይት ገባች። የኔዋም እንደ ልማዷ ልትከተላት ነው ብዬ ዓይኔን ልጨፍን ስል፣ ዬይሚ ቢዶኑ ላይ የተቀመጡትን ሰውዬ አየቻቸው። ከኩርባው በፊት ሁለቱንም ፍሬን ያዘች። ወዲያው ለቀቀችና ብስክሌቱን ወደ ውስጥ አጋድማ በንጹሑ አስፋልት ላይ ሸርተት ብላ ወጣች። ፊት የነበረችው ልጅ ፍጥነቷ ወደ ዳር ጎትቷት ሣሩ ላይ ቆመች፤ እግዜር ይመስገን አልወደቀችም። በኋላ ዬይሚን ስጠይቃት «አባዬ፣ እሳቸው እያዩኝ ፍሬን ሳልይዝ ማለፍ እንዴት ይሆንልኛል?» አለችኝ።

አሰልጣኙ ወደ እኛ ዞረ። «ይቺን ልጅ ማን ነው ያሠለጠናት?»

«መሠልጠኗን ማን አለ?» አሉ ዶን አናኒያስ። «እርስዎስ አሰልጣኝ መሆንዎን በምን አውቃለሁ?»

ሰውዬው እየሳቀ መታወቂያውን ሰጣቸው። ፊቱን አዩ፣ ጀርባውን አዩ፣ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት፣ መለሱለት። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው ሳሳ። «አይመኗት» አሉት። «ግን ይውሰዷት።»

ወሰዳት። ለአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት የሚተርፍ ምክርና ሦስት ጥፍጥፍ ፓኔላ ጭነው የሸኟት እሳቸው ናቸው። ቤቴ ጭር ብሏል፤ አንዳንዴ ሳህኗን ረስቼ አወጣዋለሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት የምጠርገው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ቢዶኑ ላይ ሆነው ይጠረጥሩኛል። ምስጢሩን አወጣህ የምትሉኝ ካላችሁ፣ የኩርባውን ስም ቀይሬዋለሁ። መንገዳችን ላይ አርባ ኩርባ አለ፤ የተጠረገው የትኛው እንደሆነ አታውቁም፤ ስለዚህ ሁሉም ላይ ፍሬናችሁን ያዙ። እሳቸው እንደሆኑ ይህን ጋዜጣ አያነቡትም፤ አጥፈው ከሩዋናቸው ሥር ነው የሚከቱት። ሐኪሙ ቁስሉን ብርድ እንዳይመታው ብሏል። ዛሬ ከወትሮው አስረዝሜ የጻፍኩት ለዚህ ነው፤ ደረታቸውን አልፎ እስከ ቁስላቸው እንዲደርስ።