አያ ታከለ ጀርመን የሚሄዱበት ወር

ጎንደር ውስጥ የጀርመንን አየር የማያውቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። አውሮፕላን ማረፊያ በር ላይ እንኳ ያልቆመ ሁሉ በረዶው መቼ እንደሚጀምር፣ ፀሐይዋ መቼ እንደምትወጣ ሲተነትንልህ ተወልዶ ያደገበት አገር ይመስልሃል። እኔም ብሆን ባለፈው ሳምንት ከሰፈሬ ከማራኪ ሳልወጣ የጀርመን ወቅት አማካሪ ሆኜ ሰነበትኩ። ምን ላድርግ? አጎቴ አያ ታከለ ከዛሪማ መጥተው የተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ አረፉ።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ልጃቸው ይታይሽ ጀርመን አገር ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ነው። ያዩት ዘንድ የጥሪ ደብዳቤ ላከች። እሳቸው ስልኬን ተቀብለው ፎቶውን ያያሉ፣ በሻካራ ጣታቸው ጉንጩን ሊነኩት ሲሉ ፎቶው ያልፍባቸዋል፣ እኔ መልሼ አመጣላቸዋለሁ። ከእኔ የሚፈለገው የቪዛ ቅጹን መሙላት ብቻ ነበር። ሞላሁት፤ "መቼ ይሄዳሉ?" የሚለው ላይ ስደርስ ግን ሥራው ሁሉ እዚያው ቆመ።

ይታይሽ በስልክ የነገረችን አጭር ነው፤ ከግንቦት እስከ ጳጉሜን ደስ ይላል፣ የታኅሣሥና የጥርን ብርድ ግን አባቷ አይችሉትም። አራዳ ገበያ ካፖርት ልንገዛ ስንገባ፣ ነጋዴው ሐጂ ሰይድ ደግሞ ጀርመን የሚያምረው በታኅሣሥ ነው ብለው ድርቅ አሉ። የሚሸጡት ካፖርት ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

አያ ታከለ ግን የጀርመን አየር ጉዳያቸውም አይደለም። የሚቆጥሩት የዛሪማን ወር ነው። ግንቦት አልኳቸው፤ እርሻ ነው አሉ። ሰኔ ዘር፣ ሐምሌ አረም። ነሐሴ ስላቸው ፍልሰታ፤ ፍልሰታ ሲፈታ ተክለ ሃይማኖት፣ የማኅበሩ ተረኛ ደግሞ እሳቸው። መስከረምና ጥቅምት ማሽላውን ከዝንጀሮ ማን ይጠብቅ? ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ፣ ጥር ጥምቀትና ሰርግ፣ የካቲትና መጋቢት ሁዳዴ። ሚያዝያ ብዬ ስሞክር "ፋሲካን በሰው አገር?" ብለው እንደ ሰደብኳቸው አዩኝ። እና እኒህ ሰው መቼ ነው የሚሄዱት?

በሦስተኛው ቀን ፊታቸው በርቶ መጡ። "አገኘሁት። ጳጉሜን ሸጋ ነው።"

ወደ ፈረንጅ ቀን መመለሱስ ለእኔ ምንም አይደለም። ግን አምስት ቀን ናት! ሁለቱ ለመሄጃ፣ ሁለቱ ለመመለሻ፤ ቅዱስ ዮሐንስን ቤታቸው መዋል አለባቸው። ለአንድ ቀን ማን ቪዛ ይሰጣል ብዬ ብለምናቸው፣ "ምነው፣ ሕፃን ለማየት ስንት ቀን ይፈጃል?" አሉኝ። ላፕቶፑን በመስኮት ለመወርወር ምንም አልቀረኝም።

ትንሽ አሰቡና ግን አመኑልኝ፤ አንድ ቀን ያንሳል። ስለዚህ ዘመነ ሉቃስን እጠብቃለሁ አሉ። ያን ጊዜ ጳጉሜን ስድስት ስለምትሆን ከልጁ ጋር ሁለት ቀን ሙሉ ይውላሉ። ዘንድሮ ገና ማቴዎስ ነው፤ የጥሪ ደብዳቤው ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ አይሠራም። ይህን ብነግራቸው፣ ልጁም እስከዚያ ሮጦ ይቀበለኛል ብለው አጽናኑኝ።

ተናድጄ ይታይሽ ዘንድ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ድምፅዋ የለቅሶ ቃና ነበረው፤ እንግዲያው ልጁን ይዤ እኔው ልምጣ፣ ለዛሪማ የሚሻለው የትኛው ወቅት ነው አለችኝ። አሥራ ሦስቱን ወር እንደገና ልንጀምር ነው ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

አያ ታከለ ስልኩን ከእጄ ነጠቁኝ። "ለመምጣትማ ምን ወቅት አለው ልጄ? በፈለግሽው ቀን ነይ፣ ሁሉን ትቼ ጎንደር እጠብቅሻለሁ።"

ስልኩ ሲዘጋ፣ ዝንጀሮውስ ብዬ ጠየቅኳቸው።

ጎረቤት ይጠብቀዋል አሉኝ።