ጦርነቱ በእኛ ጠረጴዛ ላይ ሲዞር

በቮልጎግራድ እያንዳንዱ የመኖሪያ ሕንፃ አንድ ሰካራም፣ አንድ ነገረኛ ሴትዮና ታላቁ ጦርነት ፊቱን ያዞረበትን ደቂቃ የሚያውቅ አንድ ጡረተኛ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሌሉበት ሕንፃ ይኖር ይሆናል። ሦስተኛው የሌለበት ግን አልተሠራም። ከተማዋ ስታሊንግራድ በምትባልበት ዘመን እዚህ የተዋጋ ሁሉ፣ የዓለም ታሪክ የዞረው እሱ በቆመበት ቦታ እንደሆነ ያምናል።

የእኛው ክቡር ማርሻል ዬፊም ሉኪች ዛብሮዲን ይባላሉ። ማርሻልነቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሠራዊቱ የሰጣቸው የስልክ ሽቦ ጠጋኝነት ብቻ ነው። አንቱታው እዚህ ላይ ይብቃ፤ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር ጎረቤቴ ነው።

እሱ እንደሚለው ጦርነቱ የዞረው ኖቬምበር 19 ቀን 1942፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አንድ ሰዓት ከሃያ ሲሆን መስመሩ ተቆረጠ። ዛብሮዲን በበረዶው ላይ በሆዱ ተሳበ፤ የደነዘዙ ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከቶ አሞቃቸው፤ ሽቦውን ቋጠረ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መድፎቻችን ተኩስ ከፈቱ። “ያቺን ቋጠሮ ባልቋጥር ኖሮ መድፎቹ እስከ ዛሬ ትእዛዝ ይጠብቁ ነበር” ይላል።

አንድ ቀን በሕዝብ የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ በሆዱ የተኛ አንድ የማያውቀው ሰው ጀርባ ላይ ገላ የሚጠበጠብበትን የበርች ዛፍ ቅጠል እየለጠፈ የጠላትን መከበብ ሲያስረዳ አገኘሁት። ሰውየው ሊነሣ ሞከረ።

“አትነቃነቅ! አንተ ዶን ወንዝ ነህ።”

“ኧረ ወንድሜ፣ እንፋሎቱ አቃጠለኝ!”

“እኛንስ በርዶን አልነበር? ችለነዋል።”

ሌላ ጊዜ ደግሞ ከሞስኮ የመጣ ወጣት አስተማሪ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ንግግር አደረገ። ጦርነቱ የዞረው በአንድ ቦታ ብቻ አይደለም ብሎ ቆጠረልን፦ በሞስኮ ደጃፍ፣ እዚህ፣ ኩርስክ፣ በአል አላሜይን በረሃ፣ በሚድዌይ ደሴት። ዛብሮዲን እጁን አወጣ።

“ልጄ፣ ይሄ ሚድዌይ የምትለው ዙሪያው ውኃ ነው አይደል?”

“አዎ አባት፣ ውቅያኖስ ነው።”

“ታዲያ ውኃ ላይ ሽቦ የሚቀጥለው ማነው?”

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ወጣቱ መነጽሩን አውልቆ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

ዋናው የጦር ሜዳው ግን የእኛ ጠረጴዛ ነበር። ጦርነቱ እዚህ ባበቃበት ቀን፣ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2፣ አንድ ማሰሮ የተቀመመ እንጉዳይ ይዞ ይወርዳል። ባለቤቴ ታይሲያ ነጩን የበፍታ የጠረጴዛ ልብስ ታነጥፍለታለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሻይ ብርጭቆዬን ያለ ማስቀመጫ እንዳላሳርፍ የከለከለችኝ ሴት፣ ለእሱ ሁሉን ትፈቅዳለች። የዓሣው ሳህን ቮልጋ ነው። ጥቁሩ ዳቦ የትራክተር ፋብሪካው ነው። ኪያሮቹ ታንኮቻችን ናቸው። “እዚህ ጋ ነው የዞረው!” ብሎ ሹካውን ሲተክል የቀይ ሥሩ ጭማቂ ይፈናጠራል። ታይሲያ አገጯን በመዳፏ ይዛ፣ “ዬፊም ሉኪች፣ ጣቶችዎ ግን እንዴት ተረፉ?” ትለዋለች። መልሱን በቃሏ ታውቀዋለች እኮ።

ቀናሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቀናሁ። እኔም እዚያው ጦርነት ውስጥ ነበርኩ። በዚያች በአንድ ሰዓት ተኩል ከቮልጋ ማዶ፣ በጦሩ ዳቦ ቤት፣ እስከ ክንዴ ሊጥ ውስጥ ነበርኩ። የዓለም ታሪክ ሲዞር እኔ የምጨነቀው ስለ እርሾው ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ ለማን ይወራል? ታይሲያም ጠይቃኝ አታውቅም።

ስለዚህ ዛብሮዲን “ጭጋግ ነበር...” ብሎ ሲጀምር ሲጋራዬን ይዤ ወደ በረንዳ እወጣለሁ። እየተንቀጠቀጥኩ በመስኮቱ መስታወት በኩል የሚስቴን ፊት አያለሁ። ጎንበስ ትልና ጨርቁ ላይ የሆነ ነገር በጣቷ ታሳየዋለች፤ ይሳሳቃሉ። የምመለሰው ለሦስተኛው ጽዋ ነው። ሦስተኛው የሞቱት ነው፤ ቆመን፣ ብርጭቆ ሳናጋጭ፣ ዝም ብለን እንጠጣለን። የዛብሮዲንን አፍ የሚዘጋው እሱ ብቻ ስለነበረ ከጽዋዎች ሁሉ እሱን እወድ ነበር።

አንድ ዓመት እንግዳችን ከሄደ በኋላ፣ “ይሄን ተረት ለስንተኛ ጊዜ ነው የምትሰሚው?” አልኳት።

“አንተስ በረንዳ ላይ ምን ታደርጋለህ? ይበርድሃል” አለችኝ፣ ሳህን እያጠበች።

ታይሲያ ባለፈው ኦክቶበር አረፈች። ስለ ሞቷ ብዙ የምለው የለኝም። የጠረጴዛ ልብሱን የት እንደምታስቀምጠው ፈልጎ ማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ዘንድሮም ፌብሩዋሪ 2 ቀትር ላይ ዛብሮዲን እንጉዳዩን ይዞ መጣ። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ስለ ጭጋጉ አልተናገረም። በደንብ ያልተተኮሰውን ጨርቅ አነጠፍኩና የዓሣውን ሳህን ወደ እኔ በኩል አኖርኩ። መልሶ ገፋው።

“እዚያ አይሆንም፣ ፎሚች።” በአባቴ ስም ነው የሚጠራኝ።

“ለምን? ይሄ ዓሣ አሥራ አንድ ዓመት ቮልጋ አልነበረም?”

“ነው። ግን አንተ ላይ እየፈሰሰ ነው።”

ጣቱን ጨርቁ ላይ አሳረፈ። ከጥፍር የምታንስ ሰማያዊ ስፌት አለች። ቀዳዳ የተጣፈባት ነበር የሚመስለኝ።

“ምንድነው እሱ?”

“ዳቦ ቤትህ ነዋ! ታይሲያ ናት የሰፋቻት። በመጀመሪያው ዓመት፣ አንተ በረንዳ ላይ ሳለህ፣ ሳህኑን እዚህ ላስቀምጥ ስል እጄን መታችኝ። ‘ባሌ ላይ ዓሣ አያስቀምጡ’ አለችኝ። ከዚያ በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ ‘ያን ዕለት ዳቦው ደርሷችሁ ነበር?’ እኔ ምን አውቄ! እኔ ዶን ጋ ነበርኩ፤ የእናንተ ዳቦ እዚያ አይደርስም። ‘ደርሶናል፣ ትኩስ ነበር’ እላታለሁ። ደስ ይላታል።”

“ትኩስ? በዚያ ውርጭ? በመጋዝ ነበር እኮ የሚቆረጠው!”

“ታዲያ ምን ልበላት? የዳቦህን ስም ላጥፋልህ?”

“ለምን እኔን አልጠየቀችኝም?”

ዛብሮዲን ኪያሩን ከሳህኑ አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። “‘አንድ ቀን ራሱ ቁጭ ብሎ ይነግረኛል’ ትል ነበር።”

ሦስተኛውን ጽዋ ቆመን ጠጣን። ዛብሮዲን ወንበሯን ነበር የሚያየው። አሁንም እቀናበታለሁ፤ እኔ ያልሰማሁትን አሥራ አንድ ዓመት ሲሰማ ኖሯል። ከዚህ በኋላ ግን በየዓመቱ ባይወርድ ራሴ ወጥቼ ጎትቼ አመጣዋለሁ። እነዚያን አሥራ አንድ ዓመታት የሚነግረኝ ሌላ ሰው የለኝም።

ስንቀመጥ ማርሻሉ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ሹካውን በመሐረቡ ጠርጎ፣ በእጀታው በኩል አቀበለኝ።

“በል እንግዲህ” አለኝ። “እናንተ ጋም ጭጋግ ነበር?”

“ጭስ ነበር” አልኩት፤ “እንጨቱ እርጥብ ነበር።” ጥቁሩን ዳቦም ከትራክተር ፋብሪካው አንሥቼ ስፌቷ ላይ አስቀመጥኩት።