የኦቦ ደሬሳ ርኅራኄ

በገዛ ድርሻችሁ ላይ የሚያዝንላችሁ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አምቦ ውስጥ ገጥሞኛል።

ባለቤቴ ከሞተ በኋላ በመጣው ፋሲካ፣ ጎረቤታሞቹ እንደ ልማዳችን ለቅርጫ በሬ አረድን። ሥጋውን የመደበው ኦቦ ደሬሳ ነው። መደቦቹ ኮባ ላይ ተደርድረዋል፤ ዳር ያለው ግን አጥንት የበዛበት፣ የሌሎቹን ግማሽ የማይሞላ ነበር።

«ያ ያንቺ ነው፣ አዴ» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። «ዕጣ ውስጥ ምን አስገባሽ? ብቻሽን ነሽ፤ ሲበዛ ይበላሽብሻል።»

ደነገጥኩ። ባሌ ሲቀበር ሆዴም አብሮ የተቀበረ መስሎት ይሆን?

«ቤቴ አልተዘጋም» አልኩት። «ያም መደብ ዕጣ ይውጣበት።»

ሽማግሌዎቹ «እውነቷን ነው» አሉ። ሁላችንም ለዕጣ ምልክት ሰጠን፤ እኔ የባሌን የካፖርት ቁልፍ፣ ኦቦ ደሬሳ የእስክሪብቶ ክዳን። የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ጣለልን። ቁልፌ ሻኛ ያለበት መደብ ላይ አረፈ። የእስክሪብቶው ክዳን ዳር ያለው ላይ።

ኦቦ ደሬሳ ጎንበስ ብሎ አየና «ጎበዝ፣ ይሄማ መደብ አይባልም፤ እንደገና ይመደብ» አለ።

ይኼኔ ይበልጥ ደነገጥኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኮ ዓይኑ ደክሞ ነው ብዬ ነበር።