ጋሽ ደምሴና ጥቁሩ ባርኔጣ

ሥራውን ተሸክሞ ቤቱ የሚገባ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ኮምፒውተሩን ማለቴ አይደለም። ጋሽ ደምሴ ይዘውት የሚገቡት ሞትን ነው።

ጡረታ ሲወጡ ዙሪክ ውስጥ የድሮ ሙያዎችን የሚያሳይ አንድ ሙዚየም ቀጠራቸው። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዞች ሰው ሲሞትባቸው፣ ጥቁር የለበሰ ቅጥረኛ ደጃቸው ላይ ያቆሙ ነበር። ጋሽ ደምሴ እሱን ሆነው ይቆማሉ። ሥራው ማዘን ብቻ ነው፤ መናገር ክልክል። ለዚህም ደመወዝ አለው! እኛ ስንቱን ለቅሶ በነፃ ደርሰናል?

አንድ ማለዳ ዜባህ በሚባለው የዙሪክ ሰፈር ያለው ቤቴ በሩ ተደወለ። ስከፍት ጋሽ ደምሴ ከነጥቁር ባርኔጣቸው ዝም ብለው ቆመዋል። እስቲ ፍረዱኝ፤ የኛ ሰው በማለዳ ጥቁር ለብሶ ደጅ ከቆመ መርዶ እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? «እናቴን!» ብዬ ተዘረርኩ። ጎረቤቶቼ በሙሉ ወጡ፤ አንዷማ አምቡላንስ ጠራች። ለካ ሰውዬው ያዋስኳቸውን ጃንጥላ ወደ ሥራ ሲያልፉ ሊመልሱልኝ ነው!

«ምናለ ቢናገሩ?» ብዬ ጮህኩ።

ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ «ይሄን ካደረግሁ አፌ አይከፈትም፤ ለምዶብኝ ነው» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ታላቅ ወንድማቸው አዲስ አበባ ማረፋቸውን ሰማን። ለእሳቸው ማንም ትንፍሽ አላለም። እንደ ደንባችን ልናረዳቸው ተሰባስበን በማለዳ ሄድን። ሙዚየሙ በዚያን ቀን ዝግ ነው። ጋሽ ደምሴ ግን ጥቁራቸውን ለብሰው የገዛ ደጃቸው ላይ ቆመዋል።

ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«ምነው ዘገያችሁ?» አሉን።