ቀለሙ ስላልደረቀው ወንበር የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት

ቦታ፦ የሥዕል ትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት (አዳራሹና ወንበሮቹ ቀለም እየተቀቡ ስለሆነ)

የተገኙ፦ ርዕሰ መምህሩ (ሰብሳቢ)፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ጉዳይዋ የሚታየው ተማሪ አክስት (የወላጆች ተወካይ)፣ የማስታወቂያ ጽሑፍ መምህሩ (ጸሐፊ)።

ያልተገኙ፦ የሥዕል መምህርቷ። አስቂኝ ሥዕል የሚያውቁት እርሳቸው ብቻ ስለሆኑ፣ አድልዎ እንዳይኖር አልተጠሩም።

ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው በአምስት ሰው በመሆኑ፣ ተማሪዋ ራሷ አምስተኛ አባል ሆና እንድትቆጠር፣ እንዳትናገር ግን ተወሰነ። ጸሐፊው እንዲህ ያለ ደንብ አለመኖሩን ቢያሳስቡም፣ ሰብሳቢው «እርስዎ ዝም ብለው ይጻፉ» አሉ። ተጽፏል።

አጀንዳ ፩፦ ሥዕሉ ያስቃል ወይስ አያስቅም?

ተማሪዋ ለዓመቱ መዝጊያ ዐውደ ርእይ የሣለችው አስቂኝ ሥዕል አራት ክፈፍ ነው። አንድ ኃላፊ ስለ ጥንቃቄ ንግግር ያደርጋሉ፤ ቀለሙ ያልደረቀ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ይነሣሉ፤ በመጨረሻም የወንበሩን መስመሮች ጀርባቸው ላይ ይዘው ሲሄዱ ሠራተኛው ሁሉ እጅ ይነሣል። ቃል የለበትም።

ሰብሳቢው፣ ኃላፊው እርሳቸውን እንደማይመስሉ አጥብቀው ተናገሩ። ይመስላሉ ያለ አልነበረም።

አክስቷ እንዳስረዱት፣ የልጅቷ የመጀመሪያ ሥዕሎች ከንግግር ብዛት ለሰው ጭንቅላት ቦታ አልነበራቸውም፤ ቤተሰቡም የሚስቀው ለይሉኝታ ነበር። መምህርቷ «ሳቁልኝ ብለሽ አትለምኚ፤ አሳይተሽ ዝም በይ» ካሏት ወዲህ ግን ቃል ስትፍቅ ከረመች። ይኼኛውን ሲያይ፣ ፊቱ ተፈትቶ የማያውቀውን ወንድሟን ሻዩ ትን አለው።

ሒሳብ ሹሙ፣ ሳቅ ያለ ምልክት ስለማይታወቅ በአራተኛው ክፈፍ ሥር «እዚህ ላይ ይሳቃል» ተብሎ እንዲጻፍ ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው ደግሞ፣ ኃላፊው ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩን በእጃቸው እንዲፈትሹና ጀርባቸው ንጹሕ እንዲሆን ጠየቁ። ከረጅም ውይይት በኋላ ሁለቱም ጸደቁ። የታረመው ሥዕል በቃል ሲተረክ የሳቀ ባለመኖሩ፣ ሥዕሉ እንደማያስቅ ተረጋገጠ።

አጀንዳ ፪፦ የተማሪዋ ጉዳይ

ሥዕሉ ከዐውደ ርእዩ እንዲወጣ፣ ተማሪዋም ወደ ማስታወቂያ ጽሑፍ ክፍል እንድትዛወር ተወሰነ። ጸሐፊው ክፍላቸው የቆሻሻ ቅርጫት አለመሆኑን ተናገሩ። አክስቷም «ኧረ ጋሼ፣ ዓመት ሙሉ የለፋችበት እኮ ነው» አሉ። ሁለቱም ተሰምተው ታለፉ። ሰብሳቢው ተማሪዋን እንድትወጣ አዘዟት። ወጣች።

ጸሐፊው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ውሳኔ የሚጸናው አምስቱም አባላት ሲፈርሙ መሆኑን፣ አምስተኛዋ ደግሞ መባረሯን ገለጹ። ሰብሳቢው ነገሩን በቀና እንዲያዩት ቢለምኗቸውም፣ ጸሐፊው «ደንብ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ የሚያስረሳኝም የለም» አሉ።

ተማሪዋ እንድትፈርም ተጠራች። መናገር ብትከለከልም፣ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀች።

«ጋሼ፣ የተቀመጡበት ወንበር ደርቋል?»

ሰብሳቢው ብድግ ብለው ጀርባቸውን ዳበሱ። ደረቅ ነበር። አክስቷ ሳቁ፤ ሒሳብ ሹሙም ምልክት ሳይጠብቁ ሳቁ። ጸሐፊውን ሳል ይዟቸው ነበር።

ውሳኔ፦ አምስተኛዋ አባል አልፈርምም ስላለች፣ ሥዕሉም ማሳቁ በምልዓተ ጉባኤ ፊት ስለታየ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሮ ሥዕሉ አንዳች ቃል ሳይጨመርበት እንዲሰቀል ተወስኗል። በሥዕሉ ያሉት ኃላፊ እርሳቸውን እንደማይመስሉ እንዲሰፍር ሰብሳቢው በጠየቁት መሠረት ሰፍሯል።

ጉባኤው በአሥር ሰዓት ተበተነ። ሰብሳቢው የፈረሙት ቆመው ነው።