የእንግዳው ተጫዋች ሦስት እናቶች

ውሃ የሌለው ከተማ ይኖር ይሆናል፤ አጋናኝ የሌለው ከተማ ግን ከነአካቴው የለም። ድሬዳዋን ውሰዱ። ደቻቱ ወንዟ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ሰው በደረቁ ይሻገረዋል፣ ግመል ይተኛበታል። በአጋናኝ በኩል ግን ፈጣሪ አልበደላትም፤ ወርሳሜን ሰጥቷታል።

ክቡር አቶ ወርሳሜ፣ ሊቀ ጡሩምባ ዘድሬዳዋ፣ በገበያው ሰፈር በመጋላ ሽርጥ ሻጭ ነበሩ። ከዚህ ወዲያ አንቱታውን ብንተው አይቀየምም፤ ድሬዳዋ አንቱታ አትወድም። ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ሲል የሰፈሩ ኳስ ቡድን «ሰው ጥራልን» ብሎ ሾመው። የሹመቱ ዕቃ ከጋዝ ቆርቆሮ ያስበየደው ጡሩምባ ብቻ ነበር። ጨዋታ በተቃረበ ቁጥር ጋሪ ላይ ቆሞ ከተማውን ይዞራል። «ዓይን ያለው እንዳይቀር! ዓይን የሌለውም ይምጣ፣ ጩኸቱ ይበቃዋል!»

የቡድኑ ጸሐፊ ሀብተ ማርያም ግን አንቱታም ሥርዓትም የሚወድ ሰው ነበር። ከደጋ መጥቶ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ክፍል የሚሠራ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ አንዲት ቃል ያለቦታዋ ብትገባ እንቅልፍ የሚያጣ። ከወርሳሜ ጋር በአንድ ጋሪ ያስቀመጠው ጭንቅ ነው። የሜዳው ባለቤት፣ አንድ ቡና ነጋዴ፣ «ዘንድሮም ባዶ ከሆነ መጋዘን እሠራበታለሁ» ብሏል። ሰው ደግሞ የገዛ ልጆቹን ለማየት አይመጣም። በረኛውን ጠዋት ዳቦ ሲሸጥ አይቶታል፤ ከሰዓት ኳስ ሲይዝ ምን ብሎ ያየዋል? መላው አንድ ብቻ ነበር፤ በባቡር እንግዳ ቡድን አስመጥቶ፣ ከእንግዶቹ አንዱን መርጦ ስሙን ከሰማይ ማድረስ።

መርጦ የሚያደርሰው ወርሳሜ ነው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለመጣ አጥቂ «ግራ እግሩ በሕግ የተከለከለ ነው! በግራ ከመታ ሰው ይገድላል!» ብሎ ለፈፈለት። ሰውየው ምስኪን ቀኝ እግረኛ ነበር። የሞላው ሜዳ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ግራ እግሩን ሲጠብቅ ዋለ። መጨረሻ ላይ ኳሷ በግራው መጣችለትና ሊመታ ሲል ተንሸራቶ ወደቀ። «አዘነልን!» አሉ አንድ ሽማግሌ፣ ሰዉም አጨበጨበ። ሌላ ጊዜ ከሐረር የመጣው በረኛ «ከጅብ አፍ ሥጋ የቀማ» ተባለ። አምስት ጎል ሲገባበት ወርሳሜ አልደነገጠም። «ከጅብ ጋር የለመደ ሰው ኳስ ይንቃል» አለ።

ሀብተ ማርያም ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት፣ ወርሳሜ ከሹመቱ እንዲነሣ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይጽፋል። ሜዳው ሞልቶ ሲያይ መልሶ ኪሱ ይከተዋል።

ነገሩ የከረረው የጅቡቲው አጥቂ አብዲቃድር የሚመጣ ጊዜ ነው። ጋሪው መጀመሪያ የባቡር ሠራተኞቹ ሰፈር ከዚራ ደረሰ። ወርሳሜ በአማርኛ «እናቱ የመንዝ ሴት ናት! የናንተው ልጅ ነው!» አለ። ደቻቱን ተሻግረው መጋላ ሲገቡ በሐረሪ ቋንቋ እናቲቱ የጀጎል ልጅ ሆነች። ገበያው ጫፍ፣ ግመል ጭነው የመጡት ዘንድ ሲደርስ ደግሞ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በሶማሊኛ፣ እናቱ የግመለኞቹ አገር የጀልዴሳ ሴት እንደሆነች፣ ልጁም ገና በልጅነቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ እንደወረደ ተረከ። ግመለኞቹ አፋቸውን ከፍተው አዳመጡት።

«አቶ ወርሳሜ፣ ሰውየው ስንት እናት ነው ያለው?» አለ ሀብተ ማርያም።

«አቦ ሀብቴ! ጥሩ ተጫዋች እናት አያጣም።»

«ውሸታችን የታወቀ ቀን አንድ ሰው አይመጣልንም። ሜዳውም ይሄዳል።»

«ማን ያውቅብናል? ሁሉም የሚመጣው ልጁን ሊያይ ነው። ልጁን ያየ ሰው አይጣላም፣ ወላሂ!»

እሑድ ከሰዓት ሜዳው ጢም አለ። ቡና ነጋዴው ሳይቀር ወንበር አስመጥቶ ተቀምጧል። ወርሳሜ በርሜል ላይ ወጥቶ ጡሩምባውን ሲያነሣ፣ ሀብተ ማርያም በመግቢያው በኩል አንዲት ሴት ስትመጣ አየ። እግሯ እስከ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። በእጇ ወተት የሞላ ቅል ይዛለች።

«ከጀልዴሳ ነው የመጣሁት። ሀዎ እባላለሁ» አለችው። «ትናንት ከግመለኞቹ ጋር ተነሥቼ ነው። ልጄ ሊበን በባቡር ጅቡቲ ከወረደ አሥራ አንድ ዓመቱ፤ ወሬው ጠፋ። ያ ተጫዋች የቱ ነው?»

ሀብተ ማርያም የፈራው ነገር በቡና ነጋዴው መልክ፣ በዳኛ መልክ ይመጣል ብሎ ነበር እንጂ፣ ወተት ይዞ ይመጣል ብሎ አላሰበም። በርሜሉ ሥር ወስዷት ለወርሳሜ ነገረው። ሊቀ ጡሩምባው አሁን አንድ ነገር ይፈጥራል፣ ልጁ ታሟል ይላታል፣ በሚቀጥለው ባቡር ይመጣል ይላታል ብሎ ጠበቀ።

ወርሳሜ ከበርሜሉ ወረደ። ከፊቷ ቁጢጥ አለ።

«አዴ፣ እናቴ፣ ዋሽቻለሁ። ልጅሽ አይደለም። የዚህን ሰው እናት እኔ አላውቃትም።»

«አውቃለሁ» አለች ሀዎ። «ግመለኞቹ ስሙን ነገሩኝ። የኔ ልጅ ሊበን ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ መንገድ ለምን መጣሽ?»

«ከጅቡቲ የመጣ ነው ብለሃል። እሱም ውሸት ነው?»

«እሱስ እውነት ነው።»

«እንግዲያው ይበቃኛል። አፍህ ጀልዴሳ ድረስ ከተሰማ ጅቡቲ ድረስም ይሰማል። የልጄን የሊበን ሙመድን ስም ጥራልኝ።»

ወርሳሜ ተመልሶ ወጣ። መጀመሪያ አብዲቃድር የጀልዴሳ ልጅ እንዳልሆነ ተናገረ። ከከዚራዎች መካከል አንዱ «የመንዟስ እናቱ?» ብሎ ጮኸ። «እሷም የለችም!» አለ ወርሳሜ። «የጀጎሏም የለችም!» ሜዳው በሳቅ ፈነዳ፤ ከሁሉ በላይ የሳቀው ቡና ነጋዴው ነበር። አንድም ሰው ወጥቶ አልሄደም። ሳቁ ሲበርድ ወርሳሜ በሚያውቀው ቋንቋ ሁሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ተናገረ። «የጀልዴሳው ሊበን ሙመድ፣ እናትህ ሀዎ በሕይወት አለች። ትጠብቅሃለች።» ምንም አልጨመረበትም።

ከጨዋታው በኋላ አብዲቃድር ወተቱን በአንድ ትንፋሽ ጠጥቶ፣ ወደቡ ላይ ያሉትን ሠራተኞች ሁሉ እንደሚጠይቅ ማለላት። ያን ቀን ሁለት ጎል አግብቷል፤ ወርሳሜ እስከ ዛሬ ስድስት ነው ይላል።

ሜዳውም መጋዘን ሳይሆን ቀረ። ወርሳሜም ከውሸቱ አልተመለሰም፤ ብቻ የጅቡቲ ቡድን በመጣ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ ያቺን ጥሪ በደረቁ ይጠራል፣ ከዚያ ቅጥፈቱን ይቀጥላል። ሀዎም በየጊዜው መጥታ በርሜሉ ሥር ትቀመጣለች። ሊበን ግን አልመጣም፤ ወሬውም አልተሰማም።

በሦስተኛው ዓመት የወርሳሜ ጉሮሮ ተዘጋ። አንገቱን በፎጣ ጠምጥሞ ጡሩምባውን ለሀብተ ማርያም አቀበለው። ሀብተ ማርያም ወረቀት ቢፈልግ ከኪሱ ያቺ የክስ ደብዳቤ ወጣች፤ ገልብጦ በጀርባዋ ጥሪውን ጻፈና በርሜሉ ላይ ወጣ። እንደተጻፈው አነበበ። «የጀልዴሳው ሊበን ሙመድ፣ እናትህ ሀዎ በሕይወት አለች። ትጠብቅሃለች።»

ጡሩምባውን ሊያወርድ ሲል ቁልቁል አያት። ዓይኖቿ ሞራ ከለበሱ ዓመት አልፏቸዋል። ፊቷን ወደ ድምፁ አቅንታ ተቀምጣለች። አሳዘነችው፤ በጣም አሳዘነችው። ጡሩምባውን መልሶ አነሣ።

«ዓይኗም ደህና ነው! ከሩቅ ታውቅሃለች!»

ወርሳሜ ከፎጣው ውስጥ «አቦ ሀብቴ፣ ለጀማሪ አልከፋም» አለ በሹክሹክታ። ሀብተ ማርያም ግን እፍረት ይዞት ወርዶ ከሀዎ አጠገብ ተቀመጠ።

«አንተ ወርሳሜ አይደለህም» አለችው።

«አይደለሁም። ጸሐፊው ነኝ።»

«ዓይኔ ደህና እንዳልሆነ አላየህም?»

«አይቻለሁ፣ አዴ። ዋሸሁ። ይቅር በይኝ» አለ፤ አንቱታው የት እንደጠፋው አላወቀም።

ሀዎ በዳበሳ እጁን ፈልጋ ያዘችው። «ተወው ልጄ» አለች። «አታውቀኝም ብሎ እንዳይቀር ብለህ ነው።»